ወንድሜ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሊሆን ነው፤ ከመስማማቱ በፊት ምን ይጠይቅ? (ድሬዳዋ)

የሳቢያኗ እህት
ሰላም የድሬ ልጆች። ምክር ፈልጌ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለዓመታት ረዳት ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ አሁን የደረቅ ሦስት መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። አንድ ሰውዬ ተሳቢ መኪና አለኝ፣ ከድሬ ጅቡቲ ትሠራልኛለህ ብሎታል። የወር ደመወዝ የለም፤ ክፍያው በምልልስ ነው። የተጠራው ገንዘብ ሲሰሙት ደስ ይላል። እናቴ ግን ሙቀቱንና መንገዱን እያሰበች እንቅልፍ አጥታለች። እኔም ብሆን "ጅቡቲ ገንዘብ አለ" ከሚለው ወሬ ውጪ ስለ ሥራው የማውቀው ነገር የለም። እሱን ስጠይቀው "አውቀዋለሁ፣ አታስቢ" ነው መልሱ። መስመሩ ላይ የሠራችሁ፣ ከመስማማቱ በፊት ምን ብሎ ይጠይቅ? እውነቱን ንገሩኝ።

መልካ ጀብዱ
እንኳን ጠየቅሽ። ብዙ ልጅ ቁልፍ ሲሰጠው ደስ ይለውና ምንም ሳይጠይቅ ያስነሳል። ትልልቆቹ ይምጡና ይመልሱልሽ አቦ።

ባለ ተሳቢው
እህቴ፣ ወንድምሽ ረዳት ከነበረ ጎማ መፍታትና ሸራ ማሰር ማንም አያስተምረውም። የሚጎድለው ድርድሩ ነው። እስካሁን ከባለንብረቱ ጋር የሚነጋገረው ሹፌሩ ነበር፤ እሱ ዕቃ ሲያስር ነው የቆየው።

እኔ መሪ የጨበጥኩት አሰብ ክፍት እያለ ነው። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። እስከ ዛሬ ከአገራችን ገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚገባው በዚያው በር ነው። ይህ ሁሉ አገር አንድ በር ላይ ሲሰለፍ ወረፋው ምን እንደሚመስል አስቢው።

ወንድምሽ ገንዘቡን ከመስማቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፤ መኪናው ሲቆም ማን ይከፍላል? የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ከድሬ እስከ ድንበሯ ደወሌ 220 ኪሎ ሜትር የክፍያ መንገድ ነው፤ አስፋልቱ ጥሩ ነው። ከደወሌ ተሻግረሽ በአሊ ሳቢህ በኩል ወደ ባሕሩ መውረድ ነው። መኪናው ካልተበላሸና ኬላ ላይ ካልዘገየ የመንዳቱ ነገር በቀን የሚያልቅ ነው። ምልልሱን የሚያረዝመው ወደቡ ነው። ወደቡ ደጅ ሜዳ ላይ ትቆማለሽ። ጥላ የለም። ሹፌሮቹ ተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ይተኛሉ፤ ከሰዓት ላይ ጋቢናው ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። መኪናውን ትቶ መሄድም የለም፤ ባትሪው፣ ናፍጣው፣ ስኮርታ ጎማው፣ ሸራው ዓይን ይፈልጋል። ወረፋው ሌሊት ሊደርስ ስለሚችል እንቅልፉም ግማሽ ነው።

ከረጢት ጭነት ከሆነ ደግሞ ሲጫን ቆሞ መቁጠር አለበት። ማዳበሪያ ይሁን ስንዴ፣ ተሸካሚዎቹ ሲያፈጥኑ አንድ ከረጢት አለፈህ ማለት ድሬ ስትደርስ ጉድለት ተብሎ ካንተ ይቆረጣል። የተቀደደ ካየ እዚያው አስለውጦ ወይ ሰነዱ ላይ አስጽፎ ነው መፈረም ያለበት። ጀርባውን ፀሐይ እየበላው ቆሞ የሚቆጥር ሰው "ሥራ ላይ አይደለም፣ እየጠበቀ ነው" ይባላል። እኔን ዕድሜ ልኬን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ምልልሱ በሳምንት ካለቀ የተባለው ገንዘብ ጥሩ ነው። ያው ምልልስ ሦስት ሳምንት ከፈጀ በቀን ሲካፈል የቀን ሠራተኛ ከሚያገኘው ሊያንስ ይችላል። ከዚያ ላይ ደግሞ የራሱ ምግብና ውኃ አለ።

ገንደ ቆሬ
ጋሼ የነገሯት ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ውኃው ራሱ ገንዘብ ነው። እዚያ ሁሉም ነገር በፍራንክ ነው የሚገዛው፤ አበሉ የሚሰጥህ ግን በብር ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው፣ አይነቃነቅም። የኛ ብር ግን ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ጥቂት ሳምንት ሳይሞላው ከ100 በላይ ገባ። አበሉ ግን ብዙ ቦታ በዚያው መጠን አልጨመረም። የሆነ ባለንብረት ጋ "አበሉ ድሮ የተወሰነ ነው" ተብዬ ስንት ጊዜ በደረቅ ዳቦና በሻይ አድሬያለሁ። እና እህታችን፣ አበሉ ስንት ብር ነው ብቻ አይበል። እዚያ ስንት ፍራንክ ይሆናል፣ በስንት ፍራንክ ምሳ ይበላል ብሎ ያስላ።

ባለንብረት ነኝ
እኔ ባለ መኪና ነኝ፣ የኛንም ወገን ስሙ። መኪናው ሲቆም እኔም እከስራለሁ። የባንክ ዕዳው ቀን ይቆጥራል፤ መኪናው ወደብ ላይ ስለቆመ ባንኩ አይጠብቀኝም። ጎማና መለዋወጫ ምንዛሪው ከተለወጠ ወዲህ የሚቀመስ አይደለም። በምልልስ የምንከፍለው ሹፌሩን ለመጉዳት ብለን አይደለም። በወር ደመወዝ ብቻ ሲሆን መኪናው መንገድ ላይ ይውላል፤ አንዳንዱ ዘመድ ጋ ጎራ ይላል፣ አንዳንዱ ሌላ ዕቃ ይጭናል። ይሄም እውነት ነው።

ግን ባለ ተሳቢው የተናገረውን አልክድም። እኔ ጋ የሚሠራው ልጅ ወደቡ ጋ ከደረሰ ከጥቂት ቀን በኋላ የቆመበት በቀን ይታሰብለታል። ሲደርስ ፎቶ ይልክልኛል፣ ወረፋ የያዘበትን ወረቀት ይልክልኛል። በዚህ ተስማምተን ተጣልተን አናውቅም። ጥሩ ሹፌር በየጊዜው መለወጥ ከዚያ የበለጠ ያስከፍላል።

ባለ ተሳቢው
ወንድሜ፣ እንዳንተ ያለው ቢበዛ እኔም ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ለልጁ ፎቶ እንዲልክ ማዘዝህ ራሱ ጥሩ ነው፤ ማስረጃው በሁለታችሁም እጅ ይሆናል።

አንድ የረሳሁት አለ። ናፍጣውን ይጠይቅ። አብዛኛው ባለንብረት ለምልልስ ይህን ያህል ሊትር ብሎ ይቆርጣል። ወረፋ ላይ መኪናው እየተነሳ በሜትር በሜትር ሲጠጋ፣ ሙቀቱ ሲብስ ለማቀዝቀዣ ሞተር ሲነሳ፣ ያ ሁሉ ናፍጣ ይበላል። ልኩ የተቆረጠው ለመንገዱ ብቻ ከሆነ ጉድለቱ የሹፌሩ ዕዳ ይሆናል። ረዳቱንስ ማን ነው የሚከፍለው? እሱንም ይጠይቅ። ወንድምሽ ረዳት የነበረ ስለሆነ የረዳት ሆድ ምን እንደሚሆን ያውቀዋል።

የወደብ ወረቀት
እኔ ትራንዚተር ቢሮ ነው የምሠራው፤ የአስመጪን ዕቃ ከወደብና ከጉምሩክ የምናስለቅቅ ነን። ቆሞ መጠበቁ ከየት እንደሚመጣ ባስረዳ ይጠቅማል።

መኪናው ወደብ ሲደርስ ዕቃው ለመውጣት ብዙ ወረቀት ይጠብቃል። የመርከብ ድርጅቱ ዕቃውን ለባለቤቱ ልቀቁለት የሚል ትዕዛዝ መስጠት አለበት። የወደቡ ክፍያ መከፈል አለበት። የጉምሩክ ትራንዚት ሰነዱ በሁለቱም አገር መያያዝ አለበት። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ፣ ለምሳሌ አስመጪው ባንክ ውስጥ ያለ ሰነድ ካላስለቀቀ፣ መኪናው በር ላይ ቢቆምም የሚጭነው የለም። የሹፌሩ ጥፋት የለበትም፤ የሚቃጠለው ግን እሱ ነው።

ስለዚህ ወንድምሽ ከድሬ ከመነሳቱ በፊት "ሰነዱ አልቋል ወይ?" ብሎ በስልክ ከትራንዚተሩ አፍ ይስማ። ባለንብረቱ "አዎ አልቋል፣ ውጣ" ቢለውም ራሱ ይደውል። ሰነድ ሳያልቅ የወጣ መኪና ባሕሩ ዳር ሄዶ ይደርቃል።

የጭነቱ ዓይነትም ለውጥ አለው። ኮንቴይነር ከሆነ በክሬን ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ይታሸጋል፤ ማሸጊያው እስከ መጨረሻው እንዳይነካ መጠበቅ ነው። በመርከብ ልቅ የመጣ ማዳበሪያና እህል ግን እዚያው ወደቡ ላይ ከረጢት ውስጥ እየገባ ነው የሚጫነው፤ ሥራው ዘገምተኛ ነው። የማዳበሪያ መርከብ ሲገባ ደግሞ መንግሥት ቅድሚያ ይሰጠዋል፣ መኪናም ወደዚያ ይታዘዛል፤ ሌላው ጭነት ወደኋላ ይላል። ይህን የሚያውቅ ሹፌር ወቅቱን አይቶ ይደራደራል።

ኮንቴይነር የሚጭን ከሆነ ባዶውን ማን እንደሚመልስና ቢዘገይ ቅጣቱ የማን እንደሆነ ከወዲሁ ይጻፍ። ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

የአይሻ ነፋስ
ባዶ ኮንቴይነር ሲነሳ አንድ ነገር ልበል። ደወሌ ሳይደረስ አይሻ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ባዶ ኮንቴይነር ይዘህ ስታልፍ ነፋሱ ከጎን መኪናውን ይገፋዋል። ፍጥነት ቀንስ፣ መሪውን በሁለት እጅ ያዝ። ከፊት የሚመጣው መኪና ሲያልፍህ የሚፈጥረው ክፍተት ላይ ነው የሚያንገዳግድህ።

ግመልም አለ። ማታ መብራት ሲያርፍበት ይቆማል እንጂ አይሸሽም። የገጨኸው ግመል ካሳው ከአገር ሽማግሌ ጋር የሚያልቅ ነገር ነው፤ አንዳንዴ ከምልልሱ ክፍያ ይበልጣል። ማታ ካልነዳ ይሻለዋል።

ገንደ ቆሬ
የጎማውንም ንገረው እንጂ፣ አንተ ነህ የምታውቀው።

የአይሻ ነፋስ
እሺ። ጎማ የሚታየው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ሳይሞቅ። የጎማ መፍቻውን ብረት ይዘህ ጎማውን አንድ በአንድ መታ መታ ታደርገዋለህ። የሞላው ብረቱን መልሶ ያነጥርልሃል፣ ድምፁ ጠንካራ ነው። የጎደለው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጥሃል፣ ብረቱም አይነጥርም። ጥንድ ጎማ መካከል ድንጋይ ተቀርቅሮ እንደሆነ ጎንበስ ብለህ ታያለህ፤ በዓይን ከላይ አይታይም። በዚህ መስመር ጎማ የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ አየሩ ጎድሎ ነው። የጎደለ ጎማ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ይግላል፣ አስፋልቱ ራሱ የጋለ ነው፤ ከዚያ በኋላ መፈንዳት ነው።

መንገድ ላይ ቆመህ ጎማው ግሎ ብታገኘው አየር አታውጣ። ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፣ ልክ ነው። አውጥተህ ሲበርድ የጎደለ ይሆንብሃል።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ፍሬን ላይ እግርህን አስቀምጠህ አትውረድ። ከመውረድህ በፊት ከባድ ማርሽ አስገባ፣ መኪናውን ሞተሩ ይያዝልህ። የጋለ ፍሬን የምትፈልገው ጊዜ ላይ አይዝም። ጭስ ከሸተተህ ዘግይተሃል፤ ቁም፣ አብርደው፣ ውኃ ግን አትድፋበት፣ ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

የሕግ ትምህርት ያየሁ
ስለ መብቱ ማንም ስላላነሳ እኔ ልጨምር። ብዙ ሹፌር "እኔ በምልልስ ነው የምሠራው፣ የሠራተኛ ሕግ አይመለከተኝም" ይላል። ትክክል አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በተሠራው ሥራ ልክ የሚከፈለውንም ሠራተኛ ይይዘዋል። በሰው መኪና፣ በሰው ትእዛዝ፣ በክፍያ የምትሠራ ከሆነ ሠራተኛ ነህ።

አዋጁ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድባል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ መስጠት አለበት። የመጀመሪያ ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። የጡረታ መዋጮ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ነው።

ጉድለት እየተባለ ስለሚቆረጠው ደግሞ፦ አሠሪ እንደፈለገ ከደመወዝ አይቆርጥም። ሕግ፣ ፍርድ ቤት ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ማለፍ የለበትም። ሙሉ የምልልስ ክፍያ "በጉድለት ሄደ" ሲባል ዝም የሚል ሹፌር ስላለ ነው ይህን የምጽፈው።

ሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰበት ሕክምናው በአሠሪው ነው። መሥራት ካልቻለ ደግሞ የመጀመሪያ ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ሦስት ወር 75 በመቶ፣ ከዚያ ስድስት ወር ግማሽ ይከፈለዋል። ችግሩ እዚህ ነው፤ "ደመወዝ" የሚባል ነገር ውሉ ላይ ካልተጻፈ የምኑን 75 በመቶ ልትጠይቅ ነው? ለዚህ ነው መነሻ ደመወዝ ትንሽም ብትሆን ይጻፍ የምለው።

መልካ ጀብዱ
ሕጉ ጥሩ ነው ወንድሜ። ግን ይህን ሁሉ ይዘህ ባለንብረት ፊት ብትቆም "ሌላ ሹፌር ሞልቷል" ይልሃል። እውነቱን እንነጋገር።

የሕግ ትምህርት ያየሁ
ልክ ነህ፣ ይልሃል። ሁሉንም በአንድ ቀን አያገኝም። ቢያንስ ወረቀት ላይ ያስፍረው። ወረቀት ያለው ሰውና የሌለው ሰው የሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ቢሮ ሲሄዱ እኩል አይሰሙም።

የሹፌር ሚስት
ወንዶቹ ብዙ ተናገራችሁ፤ እኔ ቤት ውስጥ ያለውን ልናገር። ባለቤቴ በዚህ መስመር ነው የሚሠራው። ልጆቼ አባታቸውን የሚያውቁት በስልክ ነው። በጣም የከፋው በ2012 ኮሮና የገባ ጊዜ ነበር። ከጅቡቲ የሚመለስ ሹፌር ሁሉ በሽታ ይዞ እንደመጣ ነው የሚታየው። እነሱ ናቸው አገር ውስጥ ዘይት ያስገቡት፣ መድኃኒት ያስገቡት። ጎረቤት ግን ልጆቼን ከልጆቹ ጋር አላጫውትም አለኝ። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ አልገባም ብሎ ልብሱን ውጪ ቀይሯል። ይህን አልረሳውም።

ለእህታችን የምለው፣ እናትሽ የሚረጋጉበትን መንገድ አብጁ። እኛ የተስማማነው ከደወሌ ከመሻገሩ በፊት ይደውላል፣ ወደቡ ሲገባ ይደውላል፣ ጭኖ ሲወጣ ይደውላል። በመካከል ስልኩ ቢዘጋም ኔትወርክ ነው ብዬ አልፈራም። ሌላው፣ አበሉን በሙሉ ይዞ አይሂድ። ግማሹ ቤት ይቅር። ወረፋ ሲረዝም እጅ ላይ ያለ ገንዘብ በሻይና በጫት ያልቃል።

ነርስ ከለገሀሬ
እግዜር ይስጥሽ እህቴ፣ ጫቱን ስላነሳሽው እዚያው ልጀምር። ድሬ ላይ ጫት አትቃሙ ብዬ ብሰብክ የሚሰማኝ የለም። ግን ነቅቶ ለመንዳት ብሎ የሚቅም ሹፌር ይህን ይወቅ፤ ጫቱ እንቅልፉን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ምርቃናው ሲበርድ እንቅልፉ በአንድ ጊዜ ነው የሚወድቅበት። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ውኃም ያስረሳዋል። ተኝቶ የተነሳ ሰው የሚተካው ነገር የለም።

ሙቀቱ፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ጅቡቲ 40 ዲግሪ ማለፍ የተለመደ ነው፣ እርጥበቱ ደግሞ ላቡ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። እስኪጠማው አይጠብቅ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይጠጣ። ብዙ ላብ ካለው ኦአርኤስ ፓኬት (ውኃ ውስጥ የሚበጠበጠውን የጨውና ስኳር ዱቄት) ይያዝ፤ ከፋርማሲ ይገኛል። ኩላሊት ጠጠር ይዟቸው የሚመጡ ሹፌሮች አሉ፤ ውኃ ማነሱ አንዱ ምክንያት ነው። ጓደኛው ሰውነቱ ግሎ ንግግሩ ከተምታታ፣ ከተንገዳገደ፣ ድካም ነው ብሎ አይተወው። ወደ ጥላ ይውሰደው፣ ልብሱን ያላቅለት፣ ውኃ ያርከፍክፍበት፣ ያራግብለት፣ ሐኪም ጋ ያድርሰው። ይህ ነገር ሰው ይገድላል።

ሌላው ትንኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ተገኘች፤ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ። ይህች ትንኝ እንደ ሌሎቹ ረግረግ ብቻ አትፈልግም። ከተማ ውስጥ በበርሜል፣ በታንከር፣ ውኃ በሚጠራቀምበት ሁሉ ትራባለች። ድሬም ደርሳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 እዚሁ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር የተያያዘ እንደሆነ በጥናት ታይቷል። ዴንጊና ቺኩንጉንያም እዚሁ ከተማችን አይተናል። እና ተሳቢ ሥር የሚተኛ ሰው አጎበር ይያዝ። ትንሿ፣ በገመድ የምትሰቀለዋ ትበቃዋለች። ተመልሶ ትኩሳት ከያዘው ቤት አይተኛ፣ ይመርመር፤ ከጅቡቲ መምጣቱንም ለሐኪሙ ይንገር።

ባለ ተሳቢው
ነርስ እህታችን፣ ስለ አጎበሩ በጣም ትክክል። እኛ በድሮ ጊዜ በጭስ ነበር የምንከላከለው፣ አይሆንም።

ቀፊራ
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ ባቡሩ ይህን ሥራ አይወስደውም? ወንድሟ አሁን ገብቶ ነገ ሥራ ቢያጣስ?

የወደብ ወረቀት
ጥሩ ጥያቄ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር፣ 752 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በመደበኛነት ይሠራል፤ ኮንቴይነርም ያመላልሳል። ግን ባቡር ጣቢያ ድረስ ነው የሚያመጣው። ከጣቢያ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ፋብሪካ መኪና ነው። የምሥራቁን አገር፣ ሐረርን፣ ጅግጅጋን የሚያደርሰው መኪና ነው። ይህ ከተማ ራሱ ከጅቡቲ በመጣ ባቡር ነው በ1902 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረው፤ ባቡሩም እያለ መኪናው ሥራ አላጣም። የሚለወጠው የጭነቱ ዓይነት ነው። ልጁ ኮንቴይነር ላይ ብቻ ሳይሆን ከረጢትም፣ ብረትም መጫን ይልመድ። ሲቻለው ደግሞ የቦቴ ፈቃድ ያውጣ፤ ነዳጁ በአብዛኛው በመኪና ነው የሚመጣው።

የሳቢያኗ እህት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጽሑፋችሁን ለወንድሜ በሙሉ አነበብኩለት። መጀመሪያ "ይሄን ሁሉ ብጠይቅ ሥራውን ይከለክለኛል" ብሎ ተቆጣ። በኋላ ግን ዛሬ ከሰውዬው ጋር ተቀምጠው ተነጋግረዋል። እኔም ነበርኩ።

ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም። ወደቡ ከደረሰ ከሦስተኛው ቀን በኋላ የቆመበት በቀን እንዲታሰብ ተስማማ፤ ፎቶ እየላከ። ሰነዱ ሳያልቅ አይወጣም። ናፍጣው ላይ ለወረፋው ጨምሯል። የረዳቱ ምግብ በባለንብረቱ ነው። መነሻ ደመወዝ ትንሽ ናት፣ ግን ተጽፋለች። ጡረታውን "ቆይ እናያለን" አለ፤ እሱ ላይ አልተስማማንም። ጉድለት ካለም ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ በላይ አይቆረጥም ብለን ስናስጽፍ ዝም ብሎ ፈረመ።

የቀረን ኢንሹራንሱ ነው። "መኪናዬ ሙሉ ኢንሹራንስ አላት" ብሎናል። ጅቡቲ ላይ አደጋ ቢደርስስ ስለው በደንብ አልመለሰልኝም። ጋሼ ባለ ተሳቢው፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

ባለ ተሳቢው
ጎበዝ፣ በርቺ። ለመጀመሪያ ውል ይህን ያህል ማግኘት ብዙ ነው። ጡረታውን አትተዉት፤ ከተግባቡ በኋላ ደግመው ያንሱት።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ፣ የአገር ውስጡ ሙሉ ኢንሹራንስ ድንበር ሲሻገር ለብቻው አይበቃም። የሎው ካርድ የሚባል አለ፣ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ነው። በሌላ አገር በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት ያገለግላል። ኢንሹራንስ ድርጅቱ ነው የሚሰጠው። ወንድምሽ ከመነሳቱ በፊት ካርዱን በእጁ ይያዝ፣ ጅቡቲ ተጽፎበት እንደሆነና ቀኑ እንዳላለፈ ይይ። ፎቶ አንስቶ ለአንቺም ይላክ። ካርድ ሳይኖር እዚያ ሰው ቢጎዳ መኪናው ብቻ ሳይሆን እሱም ነው የሚያዘው፣ ባለንብረቱ ደግሞ ድሬ ነው ያለው። ሙሉ ኢንሹራንሱ መኪናውን ጅቡቲ ውስጥም ይሸፍን እንደሆነ ፖሊሲው ላይ ይነበብ፤ በአፍ አትመኑ።

ሹፌሩና ረዳቱ ራሳቸው የአደጋ ዋስትና እንዳላቸውም ጠይቁ። መኪናው ተሸፍኖ ሰዎቹ የማይሸፈኑበት ብዙ ነው።

ባለንብረት ነኝ
ጨምሬ ልንገርሽ፣ የሎው ካርዱ ዋጋው ከመኪናው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ባለንብረቱ እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም። ረስቶት ነው የሚሆነው፣ አስታውሱት።

የሳቢያኗ እህት
እሺ፣ ደውዬለት ነገ ጠዋት ኢንሹራንሱ ቢሮ አብረው ይሄዳሉ። ወንድሜ የደረቅ ሦስት ፈቃዱንም ኮፒ ይዞ ይሄዳል። የአደጋ ዋስትናውን እዚያው እንጠይቃለን። አጎበሩን ግን እናቴ ዛሬውኑ ታይዋን ገበያ ሄዳ ገዝታለች።